ጉልላትና ቁራኛው

“በሕግ አምላክ፣ እንዳትነቃነቅ” አለ ጉልላት፣ የኩታውን ጫፍ ከሰውዬው ቡልኮ ጫፍ ጋር እየቋጠረ። አንዴ ቋጠረና አላመነውም፤ ደገመው። አሁንም አላመነውም፤ ሠለሰው። ሰውዬው አልተነቃነቀም። እንዲያውም ለቋጣሪው እንዲመቸው ብሎ ቡልኮውን ከትከሻው ዝቅ አደረገለት።

የሻንቶ ገበያተኛ ከቅቤ ተራውም ከጥጥ ተራውም እየተንጋጋ መጥቶ ከበባቸው። ከሁለቱ ሰዎች ጎን የነገሩ ሁሉ ምክንያት የሆነችው ዳማ በቅሎ ቆማለች። እሷ ስለ ሰው ነገር ደንታ አልነበራትም፤ ከአንዲት ሴት ቅርጫት የስኳር ድንች ቅጠል እየመዘዘች ታኝካለች።

“ይህ ሰው ሌባ ነው” አለ ጉልላት ድምፁን ከፍ አድርጎ። “በቅሎዬ ከሶዶ ከጠፋች ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ይኸው በቅሎ ተራ አቁሟት ያዝኩት። እናንተም እወቁት፣ ሌባ ነው።”

ከተሰበሰበው ሰው አማርኛ የሚሰማው ጥቂቱ ነው፤ “ሌባ” የምትለዋን ቃል ግን የማያውቅ አልነበረም። ሴቶቹ ቅርጫታቸውን ወደ ጉያቸው ሳብ አደረጉ። አንድ ቅቤ ሻጭ የተያዘውን ሰው አተኩሮ አየና ለባልንጀራው በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ሰውዬው ይህን ሲያይ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ጠቆረ።

“ስምህ ማን ይባላል?” አለው ጉልላት።

“ኤርካሎ።”

“ለምን ሰረቅህ?”

“አልሰረቅሁም፣ ጌታዬ። በቅሎው ራሱ መጣች። ሰኞ... አይ፣ ሐሙስ ጠዋት ተነሣሁ፣ እንሰቴ ውስጥ ቆማ ትበላለች። ሰባት እግር እንሰት በላች። ጌታው ማነው ብዬ ሰፈሩን ጠየቅሁ፣ የለም። ገበያ ባለቤቱን ያገኛል ብዬ ዓርብም፣ ዛሬም አመጣሁ። ይኸው፣ ተገኘህ።”

የኤርካሎ አማርኛ የገበያ አማርኛ ነው፤ ወንድና ሴቱን ይደባልቃል፣ አንተና አንቱን አይለይም።

“ታዲያ በቅሎ መሸጫው ላይ ምን አቆመህ?”

“በቅሎ የት ይቆማል፣ ጌታዬ? ቅቤ ተራ?”

አማርኛ የሚሰሙት ሳቁ፤ ላልሰሙት ተረጎሙላቸውና እነሱም ሳቁ። ጉልላት ሳቁ አልጣመውም። የበቅሎዋን ገመድ በአንድ እጁ ይዞ፣ ቁራኛውን ከጎኑ አድርጎ ወደ ሶዶ መንገድ ጀመረ።

ጉልላት የቡልጋ ሰው ነው። ሶዶ የመጣው ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ሹም ተከትሎ ነበር፤ ሹሙ ሲሻር እሱ ቀረ። ሙያው ኮርቻ መስፋት ነው። የእሱን ኮርቻ የጫነ በቅሎ ጀርባው አይላጥም ይባላል። ለሌላው ሰው በቅሎ ኮርቻ ሲሰፋ ዐሥር ዓመት ኖሮ የራሱን በቅሎ ያገኘው ገና ካቻምና ነበር። ስለዚህ በጠፋችበት ጠዋት ባዶውን ችካል አይቶ መሬት ላይ ቁጭ ሲል ጎረቤቱ ሁሉ አዝኖለታል። አንድ ጠባይ ግን አለው፤ ተጠራጣሪ ነው። “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የምትለውን ተረት በቀን ሦስት ጊዜ ሳይናገራት አይውልም። ጨው ሲገዛ ይልሰዋል፣ ማር ሲገዛ በጣቱ እያሸ ከብርሃን ያስጠጋዋል፤ የንስሐ አባቱ ሲያናዝዙት እንኳን አንድ ዓይኑ ክፍት ነው ብላ ሚስቱ ታማዋለች።

ከሻንቶ ሶዶ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ሁለቱ ሰዎች እኩል መራመድ እስኪለምዱ ድረስ ብዙ ተጎታተቱ። ጉልላት ቸኳይ ነው፤ ኤርካሎ ደግሞ የሚያገኘውን ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላም ይላል። አንዱ ሲቆም ሌላው ይገታል፤ ሕጉ እንዲያ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አይለያዩም፤ ተከሳሹ ቢያመልጥ ጥፋቱ የከሳሹ ነው።

ዳሞታ ተራራ በግራ በኩል ብቅ ባለ ጊዜ አንድ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ ከፊታቸው መጡ። የተቋጠረውን ኩታ አዩና ቆሙ። የጉልላትን የተኮሳተረ ፊት መርምረው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

“ምን ሰረቀብህ፣ ልጄ?” አሉት ኤርካሎን።

“እኔ አይደለሁም ሌባው” አለ ጉልላት ቱግ ብሎ።

“ሁሉም እንዲያ ነው የሚለው” አሉ ሽማግሌው በሐዘኔታ።

“አባቴ፣ ተከሳሹ እኔ ነኝ” አለ ኤርካሎ እጅ ነሥቶ። “እሱ ከሳሽ ነው። ትንሽ ደክሞት ነው እንጂ ፊቱ ጥሩ ነው።”

ሽማግሌው አንዱን ከሌላው እያፈራረቁ አዩ። “እግዜር ይፍታችሁ” ብለው አለፉ። እስከ ሶዶ ድረስ ይኸው ነገር ሦስት ጊዜ ተደገመ። በሦስተኛው ጉልላት ሳይታወቀው ፊቱን ፈታ ለማድረግ ሞከረ።

ሶዶ ሲደርሱ ደግሞ ዳኛው የሉም። የችሎቱ በረኛ በሩ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

“ቀኛዝማች ገብረማርያም ለድንበር ክርክር ወደ ቦሎሶ ወጥተዋል። የሚያስችሉት ዓርብ ጠዋት ነው” አለ።

“ዛሬ ማክሰኞ አይደለም እንዴ? እስከ ዓርብ ይህን ሰው ምን ላድርገው?”

“ቁራኛህ ነው፤ ያዘው። አብላው፣ አስተኛው። ብቻ ነገርህን አደላድለህ ቅረብ። ባለፈው ወር አንዱ ሌባ ገበያ መካከል ሠላሳ ተገርፎ ነው ወህኒ የወረደው።”

ኤርካሎ ይህን ሰምቶ ወደ ሰማዩ አንጋጠጠ። “ዝናቡ ጀምሯል። በቆሎዬ ኩትኳቶ ደርሷል” አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሱ።

የጉልላት ሚስት ፀዳለ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ፀዳለ አባቷ ከሰሜን የመጣ ይሁን እንጂ የተወለደችው ሶዶ ነው፤ ወላይትኛዋ ከአማርኛዋ አያንስም። በቅሎዋን አይታ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ቋጠሮውን አይታ መልሳ ዘጋችው።

“ማነው?”

“ሌባው ነው።”

“ማን አለ?”

“እኔ አልኩ።”

“አንተማ ባለፈው ዓመት የጠፋውን መርፌህን ሰረቅሽ ብለኸኝ አልነበር? ካልጋህ ሥር ተገኘ” አለችና ለኤርካሎ በቋንቋው ሰላምታ ሰጠችው። ውሃ አምጥታ እጁን አስታጠበችው። ሁለቱ ከአንድ ገበታ ሊበሉ ግድ ስለሆነ ሽሮውን በሰፊው ሳህን አቀረበች።

“ሌባ እንደ እንግዳ ይስተናገዳል እንዴ?” አላት ጉልላት ጉርሻውን እየጠቀለለ።

“ዳኛ ሌባ ያለው ቀን ሌባ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ እንግዳዬ ነው” አለችና ለኤርካሎ ወጥ ጨመረችለት። ለባሏ ግን አልጨመረችም።

ረቡዕ ጠዋት ጉልላት ምስክር ፍለጋ ወጣ። ኤርካሎም፣ ታስሮ የለ፣ አብሮ ወጣ። መጀመሪያ የሄዱት ፊት ለፊት ወዳለችው ወደ ጠላ ሻጯ ብርቄ ነበር።

“በቅሎዬ በጠፋችበት ሌሊት ምን አየሽ?” አላት ጉልላት።

“ሕልም።”

“ከቤቴ በር የወጣ ሰው አላየሽም?”

“እኔ ሌሊት አጥር ላይ ቆሜ የሰው በር የምጠብቅ ይመስልሃል? ሌባው የታለ?”

“እኔ ነኝ፣ እመቤቴ” አለ ኤርካሎ።

ብርቄ አየችው። “ይኼ ደግሞ ከሰረቀ እኔ ጳጳስ ነኝ” ብላ ወደ ጓዳዋ ገባች።

ከዚያ አናጢውን፣ ከዚያ ሁለት ውሃ ቀጂ ሴቶችን ጠየቁ። ያየ የለም። ጉልላት ግራ ገብቶት መንገድ ዳር ሲቆም ኤርካሎ አገጩን ይዞ አሰበ።

“ጌታዬ፣ ከቤትህ ወደ ሻንቶ የሚወስደው መንገድ ላይ ሌሊት የማይተኛ ማነው? እሱን ጠይቅ።”

ጉልላት በጥርጣሬ አየው። “አንተን ምን አገባህ? ምስክሩ ቢገኝ የምትገረፈው አንተ ነህ።”

“ያየ ሰው ካለ በቅሎዋ ብቻዋን ስትሄድ ነው ያየው። ይምጣ። ለእኔም ጥሩ ነው።”

ሌሊት የማይተኛው የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አባ ወልደመስቀል ነበሩ። ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ ኩራታቸው ግን እንዳለ ነው።

“አይቻለሁ” አሉ ወዲያው። ጉልላት ቁራኛውን እየጎተተ ተጠጋቸው። “አንድ ነገር ዱብ ዱብ እያለ በአጥሩ ሥር አልፏል። ወይ በቅሎ ነው፣ ወይ ጅብ ነው።”

“ሰው ይጎትተው ነበር?”

“ጅብ ከሆነ ማን ይጎትተዋል?”

“በቅሎ ከሆነስ፣ አባ?”

አባ ወልደመስቀል አሰቡ። “በቅሎ መሆኑን ባውቅ እነግርህ ነበር” አሉ።

ኤርካሎ ሳቁን ለመዋጥ ዞር ሲል ኩታው ጎተተው፤ ጉልላትም ዞረ፤ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ጉልላት ከንፈሩን ነክሶ ያዘ እንጂ እሱም ሊስቅ ምንም አልቀረው።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ስለጠበቀው ኮርቻ ሊሰፋ ተቀመጠ። ለአንድ ደንበኛ ለፋሲካ ማግስት አደርሳለሁ ያለው ኮርቻ ገና ግማሽ ነው። ቀኝ ክንዱ ከሰው ጋር ታስሮ መስፋት አልሆንልህ አለው። ኤርካሎ ምንም ሳይባል ጠፍሩን በሁለት እጁ ወጥሮ ያዘለት። መርፌው ሲገባ ያላላል፣ ሲወጣ ይወጥራል። ለሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ሠሩ። ጉልላት በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ጠፍር እንዲህ አድርጎ የያዘለት ሰው አልነበረም፤ ይህን ግን ለመናገር ይቅርና ለማሰብም ፈራ። ሌባ እጁ ቀልጣፋ ነው ብሎ ራሱን አጽናና።

ሐሙስ ጠዋት የኤርካሎ ሚስት ሽታዬ መጣች። ከሻንቶ በሌሊት ተነሥታ ኖሮ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ነው። በራስዋ ላይ በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ ቅርጫት ተሸክማለች። ቅርጫቱን በረንዳው ላይ አስቀመጠችና ጉልላት ፊት ቆማ ጀመረች። ጉልላት ወላይትኛ የሚያውቀው ለገበያው ያህል ነው፤ የእሷ ንግግር ግን ከገበያው በጣም የራቀ መሆኑ ገባው። እጇ ይወዛወዛል፣ ጣቷ ወደ በቅሎዋ፣ ወደ ሰማዩ፣ ወደ ጉልላት አፍንጫ ይሄዳል። ረጅም ጊዜ ተናግራ ትንፋሽ ስትወስድ ጉልላት ወደ ቁራኛው ዞረ።

“ምን አለች?”

ኤርካሎ ጉሮሮውን ጠረገ። “ደህና አደርክ ወይ አለች።”

ጓዳ ውስጥ የነበረችው ፀዳለ በሳቅ ፈነዳች። ሽታዬ እንደገና ጀመረች፤ ይኼኛው ይብስ ነበር።

“አሁንስ?”

“ቤተሰብ ሁሉ ደህና ነው ወይ አለች። ደግሞ... ስለ በቅሎዋ ጤና ጠየቀች።”

“ፀዳለ” አለ ጉልላት፣ “እውነቱን አንቺ ንገሪኝ።”

ፀዳለ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች ወጣች። “ስድቡን ልተወው። ዋናው ነገር ግን እንዲህ ነው። ባሌ በቅሎህን አምስት ቀን ሣር አጭዶ አበላ፣ ጅብ እንዳይበላት ከቤት ውስጥ አሳደራት፤ እኔ ከበቅሎ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ተኛሁ። አሁን ገበያ ስወርድ ሰው ቅርጫቱን ከእኔ ይሸሽጋል። ልጆቼን የሌባ ልጆች ይሏቸዋል። ይህን ማን ይመልስልኛል? ያለችው ይህን ነው።”

ሽታዬ ቅርጫቱን ከፈተች። ውስጡ ቅቤ የተቀባ ቆጮና ቦዬ የሚሉት ሥራ ሥር ቅቅል ነበር፤ ከሁለት ሰው የሚተርፍ። አንዱን ትልቅ ቦዬ አንሥታ በቁጣ ጉልላት እጅ ላይ አኖረችውና ሌላውን ለባሏ ሰጠች። “ብላ፤ ተርበህ ስትከሰው ይብስ ትዋሻለህ” አለችው፤ ይህን ኤርካሎ እንዳለ ተረጎመው። ጉልላት በላ። ቦዬው ጥሩ ነበር።

በዚያው ቀን፣ ሽታዬ ወደ ሻንቶ ከተመለሰች በኋላ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ብሩ የሚሉት ሰው መጣ። ብሩ እርሻም ንግድም የለውም፤ ችሎቱ በር ላይ ይውላል። ምስክር ለጠፋበት ሰው ምስክር ይሆናል። የሚከፈለውም ጠጅ ነው።

“ጉልላት፣ ለብቻህ ላናግርህ” አለ።

“እንዴት አድርጌ?” አለ ጉልላት ኩታውን እያሳየ።

ብሩ ኤርካሎን አየ። “ይኼ አማርኛ ይሰማል?”

“ትንሽ” አለ ኤርካሎ። “ጆሮዬን ልያዝ?” ሳይጠብቅ ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ከደነ።

ብሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ምስክር እንዳጣህ ሰምቻለሁ። እኔ አይቻለሁ። በዚያ ሌሊት ከግቢህ በቅሎዋን እየጎተተ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ቀኛዝማች ፊት እመሰክራለሁ። ሁለት ብርሌ ብቻ።”

“አይተሃል?”

“አይቻለሁ አልኩህ። ብቻ... በቅሎዋ ምን ዓይነት ነበረች? ጥቁር ናት?”

“ዳማ ናት።”

“ዳማ። አየህ፣ ጨለማ ስለነበር ነው።” ብሩ ቃሉን ለማስታወስ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። “አስብበት። ነገ ጠዋት ከሕዝቡ መካከል ቆሜ ታገኘኛለህ። ዳኛው ምስክር ሲሉህ ወደ እኔ ማየት ብቻ ነው።”

ሰውዬው ሲሄድ ኤርካሎ እጁን ከጆሮው አወረደ። ሁሉን ሰምቷል፤ ጉልላትም እንደሰማ አውቋል። ጉልላት መርፌውን አነሣ፤ ኤርካሎ ጠፍሩን ወጠረለት። መርፌው ሲገባ ግን ማላላቱን ረሳ።

ዓርብ ጠዋት ከችሎቱ ዋርካ ሥር ሰው ሞላ። ቀኛዝማች ገብረማርያም ሸምገል ያሉ፣ ሆዳቸው ገፋ ያለ፣ ክርክር ሲሰሙ የተቆላ ሽንብራ የሚቆረጥሙ ዳኛ ናቸው። ሽንብራውን መቆርጠም ያቆሙ እንደሆን ነገሩ ከብዷል ማለት ነው።

ጉልላት ሌሊቱን ሲያሰላስለው ያደረውን ንግግር ይዞ ቀረበ። “ተጠየቅ” አለ እጁን ወደ ኤርካሎ ዘርግቶ። ቅርብ ለቅርብ ታስረው ስለነበር ጣቱ ደረቱን ሊወጋው ደረሰ። “የእንቁራሪት ጩኸት ውሃ መኖሩን ይመሰክራል፤ በእጅህ የተገኘው የበቅሎዬ ገመድ ሌብነትህን ይመሰክራል።”

ሕዝቡ ንግግሩን ወደደው። ቀኛዝማች ሽንብራቸውን ቆረጠሙ።

“እንቁራሪት ዝናብ ሲቃረብ በደረቁም ትጮኻለች” አሉ። “ሲሰርቅ አይተኸዋል?”

“አላየሁም፣ ጌታዬ።”

“ያየ አለ?”

ጉልላት ቀና አለ። ብሩ ከሦስተኛው ረድፍ፣ አዲስ በታጠበ ኩታ፣ ቅንድቡን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። አንዲት ዕይታ ብቻ ነበር የምትፈለገው። ጉልላት ግን ከአጠገቡ የቆመው ሰው ትንፋሹን እንደያዘ በኩታው ውስጥ ተሰማው።

“የለም” አለ ጉልላት። ከሦስተኛው ረድፍ አንድ ሰው እየተነጫነጨ ሲወጣ ታየ።

“መልካም። እሱ እንሰቴን በላችብኝ ይላል። ሄደህ አየህ?”

“አላየሁም።”

“የሰውዬው ጓሮ ሩቅ ነው?”

“ከ... ከሻንቶ ገበያ ጀርባ ነው ብሎኛል።”

ሰው ሳቀ። ቀኛዝማች አልሳቁም። “ሌባ መሆኑን ስታውጅ ከጓሮው አንድ ጩኸት ርቀት ላይ ቆመህ፣ ዘወር ብለህ አላየህም። እሺ፤ አንተ ኤርካሎ፣ ምስክር የሌለበት ነገር በመሐላ ያልቃል። በወንጌል ምለህ ወደ ቤትህ ሂድ።”

ቄሱ ወንጌሉን ይዘው ቀረብ አሉ። ኤርካሎ ወንጌሉን በአክብሮት አየው፤ እጁን ግን አልዘረጋም።

“ጌታዬ፣ አልምልም።”

ጉምጉምታ ተነሣ። “አልምልም ያለ ሰርቋል” አለ አንዱ። “በራሱ ላይ ፈረደ” አለ ሌላው። ቀኛዝማች ሽንብራውን መሬት አስቀመጡ።

“ለምን?”

“ኦቶና፣ ሚሲዮኖቹ ከሚያስተምሩት ዘንድ ሁለት ዓመት ሄጃለሁ። እዚያ መሐላ ተውኩ። አልሰረቅሁም ካልኩ አልሰረቅሁም ነው። በወንጌል ስምል ብቻ እውነት የምናገር ከሆነ፣ ሳልምል የምናገረው ምንድነው?”

“ካልማልህ ልትረታ እንደምትችል ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ። ሠላሳ ነው አሉ” አለ ኤርካሎ። እጁን ግን አልዘረጋም።

ሕዝቡ ወደ ጉልላት ዞረ። ጉልላት ረትቶ ነበር ማለት ይቻላል። ቀኛዝማች ግን እጃቸውን አነሡ።

“ዝም በሉ። ሰው አልምልም ስላለ አልሰረቀም ማለት አይደለም፤ ሰረቀም ማለት አይደለም። ጉልላት፣ ስማኝ። እኔ ይህን ሰው የጠራሁት ንጹሕ መሆኑን እንዲያስረዳኝ አይደለም። አንተን የጠራሁህ ግን መስረቁን እንድታስረዳኝ ነው። ሸክሙ የከሳሽ ነው። አንተ እስክታስረዳኝ ድረስ እሱ ለእኔ እንደማንኛውም ሰው ነው፤ እንደ አንተው። እሱ ካልማለ መሐላው ወዳንተ ዞሯል። እጅህን ወንጌሉ ላይ አኑርና ‘ይህ ሰው በቅሎዬን ሰርቋል’ በለኝ። ያን ጊዜ እፈርድልሃለሁ።”

ቄሱ ወንጌሉን ወደ ጉልላት አዞሩ። ጉልላት እጁን ዘረጋ። ቃሉን ብዙ ጊዜ ተናግሮታል፤ በገበያ፣ በመንገድ፣ በቤቱ። አሁን ግን ምላሱ ላይ ሲፈልገው ቦታው ባዶ ነበር። የሚያውቀውን ነገር ሁሉ በልቡ ደረደረ፤ ባዶ ችካል ያውቃል፤ በገበያ የቆመች በቅሎ ያውቃል፤ በመካከላቸው ያለውን ሌሊት አያውቅም። ያን ሌሊት የሞላው በራሱ ግምት ነበር። እጁን መለሰ።

“ጌታዬ፣ አላውቅም” አለ።

“ምኑን?”

“መስረቁን አላውቅም። መስሎኝ ነበር። መምሰልና ማወቅ...” ራሱን ነቀነቀ። “አልምልም።”

ቀኛዝማች ሽንብራቸውን አነሡ። “አላውቅም ያለ ከሳሽ ክሱን ትቷል። በቅሎዋን ውሰድ። ኤርካሎ፣ ነጻ ነህ። ስለ እንሰትህ ክስ አለህ?”

ኤርካሎ ጥቂት አሰበ። “ነበረኝ፣ ጌታዬ። ሦስት ቀን ሚስቱ አበላችኝ። እናቻችል።”

“ፍቷቸው” አሉ ዳኛው፣ “ተከታዩን አቅርቡ።”

በቅሎዋን ከችካሏ ማን እንደፈታት በዚያን ቀን አልታወቀም፤ ከዚያም ወዲህ አልታወቀም። ፀዳለ ግን ወሬውን ስትሰማ፣ “በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች” ብላ በቅሎዋን ጆሮዋን ቆነጠጠቻት።

ሁለቱ ሰዎች ተፈትተው ከችሎቱ ሲወጡ ለጥቂት ጊዜ ትከሻ ለትከሻ ተራመዱ፤ ልማድ ሆኖባቸው። መንታው መንገድ ላይ ኤርካሎ ቆመ።

“እንግዲህ ልሂድ። በቆሎው ይጠብቀኛል” አለ። “ፀዳለን ደህና ሁኚ በላት።”

“ሂድ” አለ ጉልላት። የኤርካሎ ጀርባ ጥቂት እንደራቀ ግን ጠራው። “ዛሬ ዓርብ አይደል? የሻንቶ ገበያ ነው።”

“አዎ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይሞላል።”

ጉልላት ወደ ቤቱ የሚወስደውን መንገድ አየ፤ ያላለቀው ኮርቻ ይጠብቀዋል። ቀኛዝማች የፈረዱት ሶዶ ላይ ነው፤ የሻንቶ ቅቤ ሻጭ ይህን ፍርድ አልሰማም፤ ሽታዬም ዛሬ ቅርጫቷን ይዛ ከዚያው ሰው መካከል ልትገባ ነው። የበቅሎዋን ገመድ ሳበና ከኤርካሎ ጎን ደረሰ።

“‘ሌባ አይደለም’ በእናንተ እንዴት ነው የሚባለው?” አለው።

ኤርካሎ ዞሮ አየው። “ካይሶ ጊደና።”

“ካይሶ ጊዳና።”

“ጊደና። ጊዳና ካልክ ሌላ ነገር ነው።”

“ጊደና” አለ ጉልላት። መንገዱን ሁሉ ደጋገመው። ያገኙት መንገደኛ ሁሉ ሰላም ሲላቸው በሰላምታ ፈንታ ይህንኑ እየተናገረ፣ ኤርካሎ በየመሃሉ እያረመው፣ በሳቅ እየፈረሰ፣ ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ሻንቶ ደረሱ። ገበያው ሞልቷል። ከበቅሎ ተራው አጠገብ ሲያልፉ ያዩዋቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው ተነካኩ።

“ልናገርልህ?” አለ ኤርካሎ። “አንተ በአማርኛ በል፣ እኔ እተረጉማለሁ።”

“አንተማ ትርጉምህን አይቼዋለሁ” አለ ጉልላት። ገመዱን ለኤርካሎ አስያዘውና፣ ሰው በብዛት ወደቆመበት ወደ ቅቤ ተራው መካከል ብቻውን ገባ።